«ልጄን በቁሙ አትቅበሩብኝ»

ጥያቄ፦

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ለመጻፍ ግን ፈራ ተባ ስል ቆይቼ ዛሬ ደፈርኩ።

የ41 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቤተሰቦቼ ያሉት መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር። የእኔ ታላቅ የሆነው ወንድሜ በየካቲት 1991 ዓ.ም. ባድመ ላይ ሞቷል። 22 ዓመቱ ነበር። ገበሬ ነበር። ጦርነቱ ተነስቶ ቀበሌው ወጣቶችን ሲመዘግብ ሄዶ ተመዘገበ። ከሰፈራችን ልጆች ጋር በአንድ አይሱዙ ተጭነው ሄዱ። ብር ሸለቆ ሠለጠነና ወደ ግንባር ተላከ። ከዚያ የደረሰን አንድ ፎቶ ብቻ ነው። የወታደር ልብስ ለብሶ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ የተነሳው ነው። አብረውት ከሄዱት የተመለሰው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም እግሩን ተጎድቶ።

መርዶው የመጣልን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታችን መጡ። ለቅሶ ተቀመጥን፤ ተዝካሩም ወጣ። እማዬ ግን ፀጉሯን አልተላጨችም፤ ከልም አልለበሰችም። «ሬሳውን ያየ አለ?» ብላ ጠየቀች። ያየ አልነበረም። «እንግዲያው ልጄ ምርኮኛ ነው» አለች። ምርኮኞች ተመለሱ፤ እሱ የለም። በ2011 እንቁጣጣሽ ዛላንበሳ ላይ ድንበሩ ተከፍቶ ሰው ሲተቃቀፍ እኔ ቤት ሆና በቴሌቪዥን አየች። ልታከርም መጥታ ነበር፤ በሳምንቱ «ልጄ መጥቶ ቤቱን ዝግ ያገኘዋል» ብላ ወደ አገሯ ተመለሰች። ዛሬም የሚለብሰውን ባና በየዓመቱ ታወጣና ፀሐይ ታሰጣዋለች። አራግፋ፣ አጥፋ፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

አሁን ያለው ጉዳይ ይህ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን በመጪው የካቲት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የእብነ በረድ ሐውልት እናቁም ብሎ ብር ልኮልኛል። «ለባድመ የተሰዋ ጀግና» ተብሎ እንዲጻፍበት ይፈልጋል። (መርዶው ሲመጣ እሱ ሱዳን ስለነበር ለቅሶውን አልደረሰም።) አገር ቤት ያለው ታናሻችን ደግሞ «ባድመ ለኤርትራ ተወሰነች ከተባለ በኋላ ይህን ድንጋይ ላይ መጻፍ በቁስላችን ላይ እንጨት መስደድ ነው» ይላል። እማዬ ጭራሽ መስማት አትፈልግም። «ሬሳው ሳይመጣ በምን ላይ ነው የምታቆሙት? ልጄን በቁሙ አትቅበሩብኝ» ትላለች። 76 ዓመቷ ነው። ወንድሜ በየሳምንቱ ይደውላል፤ ብሩ እኔ ጋ ተቀምጧል። የ12 ዓመት ልጄ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰምታ «አጎቴ ለምን ሞተ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲሄድ እኔ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። «አንቺ ተማሪ፤ ደመወዜን ለደብተርሽ እልክልሻለሁ» ብሎኝ ነው የሄደው።

እህቱ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ 27 ዓመት ሊሞላው ቢሆንም መጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ ልበልሽ። መርዶው ሲመጣ ገና ልጅ ነበርሽ። ለለቀስተኛው ንፍሮ ስታቀርቢ፣ ለእናትሽ ውኃ ስታቀብዪ፣ ላንቺ «አይዞሽ» ያለሽ ሰው መኖሩን እንጃ።

ጥያቄሽ ሐውልቱ ይቁም ወይስ ይቅር የሚል ነው። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ድንጋዩ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው ሞቶባችሁ አራታችሁም በየራሳችሁ መንገድ ታዝናላችሁ። ታላቅ ወንድምሽ ገና ለቅሶ ሊቀመጥ ይፈልጋል። ታናሽሽ ተናዷል። እናትሽ ይጠብቃሉ። አንቺ መሐል ቆመሽ የሁሉንም ትሰሚያለሽ፤ ያንቺን የሰማ ያለ አይመስለኝም።

ከእናትሽ ልጀምር፤ ጉዳዩ ያለው እሳቸው ጋ ነውና። «ሬሳውን ያየ አለ?» ያሉት ከግትርነት አይደለም። እኛ አገር ሰው እርሙን የሚያወጣው ሬሳ ፊት አልቅሶ፣ ገንዞ፣ አስፈትቶ፣ አፈር አልብሶ ነው። ኮሪያ ድረስ ሄደው የወደቁት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች እንኳ አፅማቸው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። የባድመና የጾረና ልጆች ብዙዎቹ ግን የወደቁበት ቀርተዋል። ከሁለቱም ወገን ከ70 ሺህ የማያንስ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ይህን ቁጥር ስታስቢ፣ ስንት ቤት እንደ እናንተ ቤት ያለ ሬሳ ለቅሶ እንደተቀመጠ ይታይሽ።

ተስፋቸውም ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ውጊያው በሰኔ 1992 ቆመ፤ ስምምነቱ በታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ተፈረመ። ምርኮኞች ግን እስከ 1995 መጀመሪያ ድረስ በቀይ መስቀል በኩል ይመለሱ ነበር። እናትሽ በዚያ ሁሉ ጊዜ መጠበቃቸው የማንም እናት ሥራ ነው። ከዚያ ስንት ዓመት ድንበሩ ተዘግቶ ኖረ። ዝግ በር ደግሞ ከኋላው ምን እንዳለ ስለማይታይ ተስፋን ያኖራል። ዛላንበሳ ሲከፈት እሳቸው እንደገና ከመጀመሪያው ጠበቁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ «ቤቱን ዝግ ያገኘዋል» የሚለው ጋ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ነበር።

እስቲ በእሳቸው ቦታ ሆነሽ አስቢው። አሁን ሐውልቱን እሺ ቢሉ፣ በእሳቸው ልብ ልጃቸው የሞተው እሳቸው እሺ ባሉበት ቀን ይሆናል። ይህን ከአንዲት የ76 ዓመት እናት መጠየቅ ከባድ ነው። ስለዚህ አቋሜን ሳልሸሽግ ልንገርሽ፤ በዚህ የካቲት ሐውልቱ አይቁም። እናቱ እያለቀሱ የሚቆም ድንጋይ ለወንድምሽ ክብር አይሆነውም። ይህን ስል ለዘላለም ይቅር ማለቴ አይደለም።

ታላቅ ወንድምሽን ግን አትቆጪው። የእኔ ግምት ሐውልቱ ለእሱ ያልደረሰበት ለቅሶ ነው። በስደት ላይ ሆኖ፣ በስልክ ይሁን በሰው በኩል የወንድሙን ሞት ሰማ። አብሮት የሚያለቅስ ዘመድ ነበረው? ያን ቀን የት እንደነበረ፣ ማን እንደነገረው፣ ምን እንዳደረገ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ካልጠየቅሽው፣ በሚቀጥለው ሲደውል የሐውልቱን ወሬ ከማንሳትሽ በፊት ይህን ጠይቂው። ቸኩለሽ አትዝጊው። ካወራችሁ በኋላ እንዲህ በይው፦ «ብሩ አለ፤ አልነካሁትም። ሐሳብህንም አልጣልኩትም። እማዬ ግን እርሟን ገና አላወጣችም፤ ካጣደፍናት እሷንም እንጎዳታለን። ለየካቲት ሌላ ነገር እናድርግ፤ አንተም በስልክ ግባ። ድንጋዩን በኋላ አብረን እንወስናለን።» መጀመሪያ ይከፋው ይሆናል። ግን አብሮ የሚያደርገው ነገር ከሰጠሽው፣ በየሳምንቱ ከመጠየቅ ያርፋል ብዬ አስባለሁ።

«ሌላ ነገር» ያልኩትን ላብራራ። ወንድምሽ በማን ቀን ተወለደ? ስመ ክርስትናውስ? ይህን እናትሽ ያውቃሉ። የዚያን ታቦት ዝክር በእሳቸው ቤት ብታደርጉስ? ለምሳሌ ሚካኤልን የሚወዱ ከሆነ የካቲት 12 አለ፤ አገሪቱም ሰማዕታቷን የምታስብበት ዕለት ነው። ዝክር ለመዘከር «ልጄ ሞቷል» ብሎ መናገር አያስፈልግም። በሕይወት ላለም፣ ላለፈም ጠበል ጸዲቅ ይቀመሳል። እናትሽ ልጃቸውን በቁሙ ሳይቀብሩ ስሙን በሰው ፊት ሊያነሱት ይችላሉ ማለት ነው። ዘንድሮ ያ ቀን ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ሰፊ ድግስም አይጠበቅባችሁም። ዳቦ፣ ሽሮ፣ ጠላ ይበቃል። አስቀድመሽ የንስሐ አባታችሁን ለብቻቸው አግኚያቸው። መርዶውን የነገሯችሁ እሳቸው ናቸውና የእናትሽን ልብ ካንቺም ከእኔም በላይ ያውቁታል። በጸሎት ስሙ እንዴት ይነሳ፣ እናትሽ ምን ይቀበላሉ፣ እሳቸው ይምከሩሽ። ወደ ፊት ሐውልት ይቁም ቢባልም በሰበካ ጉባኤው በኩል ማለፉ አይቀርምና፣ ነገሩን ከአሁኑ ቢያውቁት ጥሩ ነው።

በዝክሩ ላይ እነማን ይጠሩ? እዚህ ጋ ደብዳቤሽ ውስጥ ያሳሰበኝን ነገር ላንሳ። አብረውት በአይሱዙው የሄዱት ልጆች እናቶች አሏቸው። አሜሪካ ልጅ የሌላቸው፣ እብነ በረድ የማይገዙ እናቶች። የእናንተ ሐውልት ብቻውን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቢቆም፣ እነዚያ እናቶች በየሰንበቱ በአጠገቡ አልፈው ነው የሚሳለሙት። ታላቅ ወንድምሽ ይህን ከሩቅ ሆኖ አላሰበው ይሆናል። ምናልባት አንድ ቀን የሚቆመው ድንጋይ የሁሉም ስም የተጻፈበት ቢሆንስ? ብሩም ያኔ ለአንድ ቤት ሳይሆን ለሰፈሩ ይውላል። ለጊዜው ግን እናቶቹን ጥሩና አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ዝክሩን ያለንግግር፣ ያለ ፕሮግራም አድርጉት። እናትሽ ከአንቺ ጋር የማያወሩትን ከእነሱ ጋር ያወሩ ይሆናል።

እግሩን ተጎድቶ የተመለሰውን ጓደኛውንም አትርሺው። በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል። ወንድምሽን በግንባር ያየው ሰው እኮ እሱ ነው። አብሮ አደጎቹ ሁሉ ቀርተው ብቻውን ወደ ሰፈር ሲመለስ፣ እነዚያን እናቶች በምን ዓይን እንዳያቸው አስቢ። ምናልባት እስከ ዛሬ ቤታችሁን ሲያልፍ አንገቱን ይደፋ ይሆናል። ሂጂና ጎብኚው። «እንዴት ሞተ?» ብለሽ አትጀምሪ። ብር ሸለቆ እያሉ ምን ይበሉ እንደነበር፣ ወንድምሽ ማታ ማታ ምን ያወራ እንደነበር፣ ማንን ያነሳ እንደነበር ጠይቂው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሊነግርሽ ከፈለገ ራሱ ይነግርሻል፤ ካልፈለገ አታስጨንቂው። ከነገረሽ ግን ለእናትሽ ሮጠሽ አትናገሪ። እሳቸው ሲጠይቁ፣ የጠየቁትን ያህል ብቻ መልሺላቸው።

እናትሽ ጋ ስትሄጂ ስለ ሐውልቱ አንዲት ቃል አታንሺ። ባናውን ፀሐይ የሚያሰጡበትን ቀን ጠይቀሽ ለዚያ ቀን ድረሺ፤ አብረሻቸው አራግፊው። ማን ሸመነው? ሱፉን ማን ፈተለው? ብርድ ሲሆን እንዴት ነበር የሚደርበው? አንቺ ያለሽ ፎቶ የወታደር ልብስ የለበሰበት ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሌላ ልብስ የኖረ ልጅ ነው። ሲያርስ፣ በግ ሲያግድ፣ ጓሳ ሲያጭድ፣ ከታናሹ ጋር ሲታገል የነበረው ልጅ በእናትሽ አፍ ውስጥ አለ። ፈቃዳቸው ከሆነ በስልክሽ ቅጂው። እምቢ ካሉ ማታ ላይ ደብተር ላይ ጻፊው። ልጅሽን ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ አያቶች ለልጆቻቸው የማይነግሩትን ለልጅ ልጆቻቸው ይነግራሉ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን አስቀድመሽ አጣሪ። ከባድመ ወዲህ አገራችን ሌላ ጦርነት፣ ሌላ መርዶ አይታለች። እናትሽ በቅርብ ዓመታት የጎረቤት ለቅሶ በደረሱ ቁጥር የራሳቸው ተነስቶባቸው እንደሚሆን አትርሺ። እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ከቀነሱ፣ ሐኪም ዘንድ መውሰድ አይከፋም።

የታናሽ ወንድምሽ ንዴት መሠረት አለው። የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 ውሳኔውን ሲሰጥ ባድመ በኤርትራ በኩል ወደቀች። መንግሥት ደግሞ በግንቦት 2010 የአልጀርሱን ስምምነት ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ አለ። ልጆቻቸውን ለሰጡ ቤተሰቦች ይህን በዜና መስማት ምን ማለት እንደነበር እሱ ያውቀዋል። ስለዚህ «ተሰዋ፣ ጀግና» በሚለው ላይ እንዲከራከሩ አትፍቀጂላቸው፤ ማብቂያ የለውም። አንድ ቀን ድንጋዩ ከቆመ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ስመ ክርስትናውን፣ የተወለደበትን መንደር፣ ከዚያም «በየካቲት 1991 ዓ.ም. በባድመ ግንባር ወደቀ» ብላችሁ ጻፉ። የት እንደወደቀ የትኛውም ኮሚሽን፣ የትኛውም ስምምነት አይለውጠውም። ታላቅሽም ባድመ የሚለው ስም ቀርቶ አያይም፤ ታናሽሽም የሚያፍርበት ቃል አያገኝም።

ለልጅሽ ጥያቄም ከዚህ የራቀ መልስ የለኝም። 12 ዓመቷ ነው፤ እውነቱን መሸከም ትችላለች። ሁለት አገሮች በድንበር ተጣሉ፤ ከሁለቱም በኩል እንደ አጎትሽ ያሉ ወጣቶች ሄደው አለቁ፤ በዚያኛው ወገንም እንደ አያትሽ በር እያዩ የሚጠብቁ እናቶች አሉ በያት። ጦርነቱ መደረግ ነበረበት ወይ ካለችሽ፣ ትልልቅ ሰዎችም እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነው በያት። ያንቺ ሐሳብ ካለሽም ንገሪያት። እሱ ለምን ሄደ ካለችሽ ግን ያንን መመለስ የምትችዪው አንቺ ነሽ።

ወደዚያ ልምጣ። «አንድ ነገር ልጨምር» ብለሽ መጨረሻ ላይ ያስገባሻት ነገር የደብዳቤሽ ልብ ትመስለኛለች። «ለደብተርሽ እልክልሻለሁ» ብሎሽ ሄደ፤ አንቺም ይህን ሁሉ ዓመት «በእኔ ምክንያት ነው» እያልሽ ኖርሽ። ተሳስቼ ይሆን? ካልተሳሳትኩ አንድ ነገር አስቢ። በዚያ ወቅት የ22 ዓመት የገጠር ልጅ ለመዝመት ብዙ ምክንያት ነበረው። ጓደኞቹ ሁሉ አይሱዙው ላይ ወጥተዋል። ሬዲዮኑ ሌት ተቀን ስለ ባድመ ያወራል። አገሬ ተደፈረች ብሎ የተቆጣ ልጅም ነው። ደመወዝም አለ። እህቱን ሲሰናበት ከእነዚህ ሁሉ መርጦ የነገራት በጣም ደስ የሚላትን ነው፤ እንዳታለቅስ። ይህ የሚወድሽ ሰው ንግግር ነው። ያንቺ ጥፋት የለበትም።

ይህን ለባልሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ከእሱ ጀምሪ። ለእናትሽም አንድ ቀን ትነግሪያቸው ይሆናል፤ አትቸኩዪ። እና የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ፣ ከወንድምሽ ብር ጋር ያልተነካካ አንድ ነገር ከራስሽ ኪስ ማድረግ ትችያለሽ። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ሲጀመር፣ እሱ በኖረበት ሰፈር ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል የሚማሩ፣ ደብተር ያጠራቸው ልጆች ካሉ ለእነሱ ግዢላቸው። የወንድምሽን ስም በሽፋኑ ላይ መጻፍ አያስፈልግሽም፤ ካሻሽ ለርእሰ መምህሩ ብቻ ንገሪው። እናትሽ ከሰሙ ደግሞ «ልጄ ነው የላከው» ይሉ ይሆናል። እንዳሉት ተያቸው።

ታላቅ ወንድምሽን ካነጋገርሽ በኋላ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። እምቢ ካለ፣ እሱንም በዚሁ ዓምድ ላነጋግረው ዝግጁ ነኝ።